ብዙ ዎልፔፐር በአንዴ የሚያወርድ ነፃ ሶፍትዌር የትኛው ነው?

ጥያቄ፦ «አራት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ አነስተኛ የኮምፒዩተር ጥገናና ሽያጭ ሱቅ አለኝ። ደንበኛ ላፕቶፕ ሲገዛ ወይም ፎርማት ሲያስደርግ የሚያምሩ ዎልፔፐሮች ጭኜ ልሰጠው እፈልጋለሁ። ጓደኛዬ በፍላሽ የሰጠኝ የምስል ማውረጃ አለ፤ ክራክ የተደረገ (ሳይከፈልበት እንዲሠራ ጥበቃው የተሰበረ) ነው። አንቲቫይረስ ካልጠፋ አይሠራም። አጥፍቼ ስሞክረው 3000 ያህል ምስል አወረደልኝ። ፎር ኬ ናቸው ይላል፤ ስክሪን ላይ ሲደረጉ ግን ብዥ ይላሉ። 5 ጊጋ ጥቅሌም አለቀ። በነፃ፣ በአንዴ፣ ብዙ ሺህ ጥራት ያለው ምስል የሚያወርድ ሶፍትዌር ንገሩኝ። ወደፊት ምስሎቹን በፍላሽ እየጫንኩ ለመሸጥም አስባለሁ።»

ምላሽ፦ ከሶፍትዌር ምርጫ በፊት ኮምፒዩተርዎ ይቅደም። የጻፏቸው ቁጥሮች አይገጣጠሙም። ብዥ የሚል ትንሽ ምስል አብዛኛውን ጊዜ ከ50 ኪሎባይት አይበልጥም። 3000ው ቢደመር 150 ሜጋባይት ቢሆን ነው። ያለቀው ግን 5 ጊጋ ነው። የቀረውን ምን በላው? ፕሮግራሙ ከጀርባ ማስታወቂያ ሲከፍት ወይም ሌላ ፋይል ሲያወርድ ቆይቶ ሊሆን ይችላል። ከኮምፒዩተርዎ ወደ ውጭ የሚልከው ነገርም ሊኖር ይችላል። በዊንዶውስ ሴቲንግ ውስጥ ኔትወርክ የሚለውን፣ ከዚያ ዳታ ዩሴጅ የሚለውን ይክፈቱ። ባለፉት 30 ቀናት የትኛው ፕሮግራም ስንት ሜጋባይት እንደተጠቀመ በየስሙ ያሳይዎታል።

ያንን ፕሮግራም ዛሬውኑ ያጥፉት። አንቲቫይረሱን መልሰው ያብሩና አፕዴት ያድርጉት። ከዚያ የዊንዶውስ ዲፌንደርን ኦፍላይን ስካን ያስነሱ። ይህ ኮምፒዩተሩን ሪስታርት አድርጎ፣ ዊንዶውስ ራሱ ሳይነሳ የሚፈትሽ ነው። ሩብ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በዚያ ኮምፒዩተር የኢሜይል ወይም የባንክ አካውንት ከፍተው ከነበረ ደግሞ የይለፍ ቃሉን ከሌላ ንፁህ ስልክ ላይ ይቀይሩ። የእርስዎ ማሽን የግል ማሽን ብቻ አይደለም። የተማሪው የመመረቂያ ጽሑፍ ያለበት ፍላሽ ይሰካበታል። ሌላው ደግሞ የቢሮውን ሃርድ ዲስክ ያመጣል። አንድ ቫይረስ እዚያ ከገባ በሳምንት ውስጥ ግቢውን ሊያዳርስ ይችላል።

«ክራክ ስለሆነ ነው የሚጮኸው፣ ችግር የለውም» የሚል አባባል በየሱቁ ይሰማል። እውነት ነው፣ አንቲቫይረስ ክራክ ባየ ቁጥር ይጮኻል። ግን የትኛው ጩኸት ለክራኩ፣ የትኛው ከክራኩ ጋር ለተጫነው ሌላ ነገር እንደሆነ በዓይን ለይቶ የሚያውቅ ሰው የለም። ለዚህ ሥራ ደግሞ ክራክ ጨርሶ አያስፈልግም። በዘርፉ ምርጥ የሚባሉት ፕሮግራሞች ሲሠሩም በነፃ እንዲሰጡ ነው የተሠሩት።

አሁን ወደ ብዥታው እንምጣ። ብዙ ሰው ማውረጃ ሶፍትዌር ሲባል ምስሎቹ እሱ ውስጥ ያሉ ይመስለዋል። ሶፍትዌሩ ምንም ምስል የለውም። የሚያመጣው ከሳይት ነው፤ ጥራቱም የሳይቱ ጥራት ነው። የዎልፔፐር ሳይት ሲከፍቱ ደግሞ በገጹ ላይ ተደርድረው የሚያዩዋቸው ዋናዎቹ ምስሎች አይደሉም። ገጹ ቶሎ እንዲከፈት ሲባል የተዘጋጁ ትንንሽ ቅጂዎች ናቸው። ወርዳቸው ብዙውን ጊዜ 300 ወይም 400 ፒክስል ነው። ዋናው ምስል ትንሹን ሲጫኑት በሚከፈተው ሌላ ገጽ ላይ ይገኛል። አንዳንዴ እንዲያውም በሌላ ሰርቨር ላይ ነው የሚቀመጠው። መንገዱን የማያውቅ ፕሮግራም ፊት ለፊት ያገኘውን ሰብስቦ ይመጣል። 300 ፒክስል የነበረውን ምስል 1366 ፒክስል ባለው ስክሪን ላይ ሲለጥጡት ብዥ ማለቱ አይቀርም።

የፋይሉን ስም አይመኑ። ስሙ ላይ ፎር ኬ ብሎ መጻፍ ማንንም ምንም አያስከፍልም። ምስሉን ራይት ክሊክ አድርገው ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ዲቴይልስ ውስጥ ይግቡ። ወርድና ቁመቱ በፒክስል ተጽፎ ያገኙታል። እውነተኛ ፎር ኬ 3840 በ2160 ነው። ቁጥሩ ትክክል ሆኖም ምስሉ ብዥ ካለ፣ ትንሽ ምስል በሶፍትዌር ተለጥጦ እንደገና ተጭኖ ሊሆን ይችላል። እንዲህ የሚያደርጉ ሳይቶች ጥቂት አይደሉም። ምስሉን በ100 ፐርሰንት ከፍተው የፀጉር፣ የቅጠል ወይም የድንጋይ ጠርዝ ይመልከቱ። ጠርዙ እንደ ሳሙና ከሟሟ ይጣሉት።

ለመሆኑ ፎር ኬ ያስፈልግዎታል? አዲስ አበባ ውስጥ ከሚሸጡት ያገለገሉ ላፕቶፖች ብዙዎቹ 1366 በ768 ስክሪን ያላቸው ናቸው። ሻል ያሉት 1920 በ1080 ናቸው። ፎር ኬ ምስል ከ8 ሚሊዮን በላይ ፒክስል አለው። የ1366ቱ ስክሪን ግን ማሳየት የሚችለው 1 ሚሊዮን ገደማ ብቻ ነው። የተቀረውን ዊንዶውስ ራሱ አሳንሶ ይጥለዋል፤ እርስዎ ግን ከፍለውበታል። አንድ የፎር ኬ ፎቶ በአማካይ 3 ሜጋባይት ቢሆን 3000ው 9 ጊጋባይት ይሆናል። 1920 በ1080 የሆነ ፎቶ ግን ብዙ ጊዜ ከ1 ሜጋባይት በታች ነው። ስለዚህ ለሱቅዎ 1920 በ1080 በቂ ነው። የሁለቱም ስክሪኖች የወርድና የቁመት ምጣኔ 16 በ9 ስለሆነ ምስሉ ሳይቆረጥ ይገባል። 1280 በ800 ወይም 1440 በ900 የሆኑት የቆዩ ላፕቶፖች 16 በ10 ናቸው። እነሱ ላይ ፊል የሚለውን ሲመርጡ ከግራና ከቀኝ ትንሽ ይቆረጣል። ስትሬች የሚለውን ግን አይምረጡ፤ የሰው ፊት ያጣምማል።

አንድ ተጨማሪ ምክንያት ልጥቀስ። ዊንዶውስ ጄፔግ ምስልን ዎልፔፐር ሲያደርግ የራሱን ቅጂ ይሠራል። በዚያ ቅጂ ላይ ጥራቱን ወደ 85 ፐርሰንት ያወርዳል። ንፁህ ሰማይ ወይም ጭጋግ ያለበት ፎቶ ላይ የቀለም ደረጃዎች ጎልተው የሚታዩት አንዳንዴ በዚህ ነው። በሬጂስትሪ፣ ማለትም በዊንዶውስ የውስጥ ቅንብር መዝገብ፣ ማስተካከል ይቻላል። ግን ለደንበኛ ላፕቶፕ ሬጂስትሪ መነካካት አልመክርም፤ ልዩነቱንም አብዛኛው ሰው አያየውም።

መሣሪያዎቹን እንይ። በጣም ቀላሉ በፋየርፎክስ ላይ የሚጫነው ዳውንዘምኦል ነው። ነፃ ነው፣ ኮዱም ክፍት ነው። የአንድን ገጽ ሊንኮችና ምስሎች ዘርዝሮ ያሳይና የመረጡትን በአንዴ ያወርዳል። ትንሹ ምስል በቀጥታ ከትልቁ ፋይል ጋር በተገናኘበት ገጽ ላይ ግሩም ነው። መሀል ላይ ሌላ ገጽ ካለ ግን እንደ ጓደኛዎ ፕሮግራም ትንንሾቹን ይዞልዎት ይመጣል። በተለይ ወደ ታች በወረዱ ቁጥር ምስል እየጨመሩ የሚሄዱ ሳይቶች ላይ በስክሪኑ የተከፈተውን ያህል ብቻ ነው የሚያየው።

ኤችቲትራክ የሚባለውም በሰፊው ይታወቃል። እሱ ሙሉ ሳይት ቀድቶ ኦፍላይን ለማንበብ የተሠራ ነው። ለዎልፔፐር አይጠቀሙበት። ጽሑፉን፣ አዝራሩን፣ ምልክቱን፣ ሁሉንም ያግበሰብሳል። ጥቅል የሚጨርስ ነገር ቢኖር ይሄ ነው። ደብሊውጌትም ለዓመታት የተፈተነ ጠንካራ ፕሮግራም ነው፤ የተቋረጠ ፋይል ካቆመበት ይቀጥላል፣ ፍጥነትም ይገድባል። ዛሬ ብዙዎቹ የምስል ሳይቶች ግን ምስሉን በጃቫስክሪፕት (ብሮውዘር ውስጥ በሚሠራ ኮድ) ስለሚያመጡ ደብሊውጌት ገጹን ከፍቶ ባዶ ሊያገኘው ይችላል። ብሮውዘር ላይ የሚጫኑ «ሁሉንም ምስል አውርድ» የሚሉ ኤክስቴንሽኖችን በተመለከተ ምክሬ አጭር ነው። የሚከፍቱትን ገጽ ሁሉ የማንበብ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ባንክ በሚከፍቱበት ብሮውዘር ላይ አይጫኗቸው።

ለእርስዎ የምመርጠው ጋለሪ-ዲኤልን ነው። ነፃና ክፍት ኮድ ነው። ማስታወቂያ የለውም፣ ምዝገባ አይጠይቅም። ከሌሎቹ የሚለየው እያንዳንዱ ትልቅ የምስል ሳይት ዋናውን ፋይል የት እንደሚያስቀምጥ ማወቁ ነው። ለዎልሄቨን፣ ለዊኪሚዲያ ኮመንስ (የዊኪፔዲያ እህት ለሆነው የነፃ ምስሎች ማከማቻ)፣ ለአንስፕላሽ፣ ለፍሊከርና ለሌሎችም የየራሳቸው መንገድ ተጽፎለታል። ትንሹን አልፎ ትልቁን ያመጣል። ድክመቱ መልክ የለውም፤ በጥቁሩ የኮማንድ መስኮት ነው የሚሠራው። ላፕቶፕ ፎርማት ለሚያደርግ ሰው ግን ይህ አያስፈራም። ፕሮግራሙን ከአዘጋጁ ከራሱ ገጽ ብቻ ያውርዱ። ለብቻው በተዘጋጀ አዲስ ፎልደር ውስጥ ያስቀምጡት። በፎልደሩ የአድራሻ መስመር ላይ ሲኤምዲ ብለው በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፈው ኢንተር ሲመቱ ጥቁሩ መስኮት እዚያው ይከፈታል። የፕሮግራሙን ስም፣ ከዚያ ክፍት ቦታ፣ ከዚያ የገጹን አድራሻ ይለጥፉና ኢንተር ይበሉ። አልከፈት ካለ የማይክሮሶፍት ቪዡዋል ሲ ፕላስ ፕላስ ሪዲስትሪቢዩተብል የሚባለው አጋዥ ፋይል ጎድሎ ሊሆን ይችላል። እሱም ከማይክሮሶፍት በነፃ ይገኛል።

ሁለት ትእዛዞቹን ግን በደንብ ይማሩ። አንዱ ሬንጅ ይባላል፤ ከ1 እስከ 50 ያለውን ብቻ አምጣ ብሎ ይገድባል። ያለ እሱ በጭራሽ አይጀምሩ፤ አንድ የፍለጋ ውጤት በሺዎች የሚቆጠር ምስል ሊኖረው ይችላል። ሌላው ያወረደውን በመዝገብ የሚይዘው ነው። ምስሉን አይተው ካልወደዱትና ከሰረዙት፣ በሚቀጥለው ጊዜ እንደገና አያወርደውም። መብራት ሄዶ ቢቋረጥብዎትም ያው ትእዛዝ ሲደገም ያሉትን እየዘለለ ይቀጥላል። ፍጥነት የሚገድብና በየምስሉ መሀል ፋታ የሚያስወስድ ምርጫም አለው።

ፋታው ለሳይቱ አክብሮት ብቻ አይደለም፤ ለራስዎም ነው። በአንዴ ብዙ ጥያቄ ሲደርሰው ሳይቱ 429 የሚል ስህተት ይመልሳል፤ ከቀጠሉ አድራሻዎን ይዘጋል። ዎልሄቨን ለምሳሌ ለፕሮግራሞች ባዘጋጀው መግቢያ በደቂቃ ከ45 ጥያቄ በላይ አይቀበልም። በሞባይል ኔትወርክ ላይ ደግሞ ብዙ ደንበኛ አንድ የውጭ አድራሻ ሊጋራ ይችላል። እርስዎ ባጠፉት ሌላው ይዘጋበታል፤ ሌላው ባጠፋው ደግሞ እርስዎ። የሌሊት ጥቅል የሚጠቀሙ ከሆነ ማውረዱን ወደ ሌሊት ያድርጉት፤ ፍጥነቱን ዝቅ አድርገው ይተዉት።

ከመሣሪያው ይልቅ ጊዜ የሚገባው የምንጩ ምርጫ ነው። ዎልሄቨን በብዛቱም በማጣሪያውም ጠንካራ ነው። በፍለጋው ላይ ቢያንስ 1920 በ1080፣ ስፋት 16 በ9 ብለው፣ በተወዳጅነት ቅደም ተከተል አሰልፈው፣ የዚያን ገጽ አድራሻ ለጋለሪ-ዲኤል መስጠት ይችላሉ። ሁለት ችግር ግን አለበት። አንደኛ፣ ለሁሉም ዕድሜ የማይሆኑ ምስሎችም ያሉበት ሳይት ነው፤ የንፅህና ማጣሪያው ኤስኤፍደብሊው (በሥራ ቦታም ሊታይ የሚችል) ላይ ብቻ መሆኑን ሳያረጋግጡ አይጀምሩ። ለተማሪ በሚሰጥ ላፕቶፕ ላይ ያልታየ ምስል መጫን ስም ያጠፋል። ሁለተኛ፣ ምስሎቹን የሚጭኑት ተጠቃሚዎች ናቸው። ባለቤቱ ማን እንደሆነ ብዙ ጊዜ አይታወቅም። ለግል ስክሪን ይሁን፤ ለንግድ ግን መሠረት የለውም።

ዊኪሚዲያ ኮመንስ ለእርስዎ ሱቅ ከሁሉም ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። እዚያ ስለ ኢትዮጵያ ብቻ የተሰበሰቡ ፎቶዎችን ያገኛሉ። የላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ከላይ ሲታይ፣ የፋሲል ግንብ፣ የሰሜን ተራሮች ገደልና ጭላዳ ዝንጀሮ፣ የዳሎል ቢጫና አረንጓዴ፣ የኤርታ አሌ እሳት፣ የባሌ ቀይ ቀበሮ። ደንበኛዎ ላፕቶፑን ሲከፍት የስዊዘርላንድ ሐይቅ ከሚያይ የአገሩን ቢያይ ይመረጣል። እነዚህ ምስሎች ደግሞ ፈቃዳቸው ከእያንዳንዳቸው ሥር ተጽፏል። በኮሚዩኒቲው ተመርጠው ፊቸርድ ፒክቸርስ የሚባሉት በተለይ ጥራታቸው የተረጋገጠ ነው። ችግሩ ዋናዎቹ ፋይሎች በጣም ትልልቅ መሆናቸው ነው፤ አንዳንዱ ከ10 ሜጋባይት ያልፋል። እዚህ ላይ ሬንጁን 20 ላይ ያድርጉትና እየመረጡ ይሂዱ። ቀላል የሆነ የጠፈር ምስል ከፈለጉ ናሳ አለ። የናሳ ፎቶዎች በአብዛኛው የቅጅ መብት ገደብ የለባቸውም፤ አርማውን ለማስታወቂያ መጠቀም ግን አይቻልም።

ስለ ሽያጩ በግልጽ ልናገር። በነፃ መውረድና ለመሸጥ መፈቀድ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በአገራችን የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ፎቶግራፍን ከሚጠበቁ ሥራዎች ይቆጥረዋል። አንስፕላሽ ምስሎቹን ለንግድ ሥራ ጭምር እንድንጠቀም ይፈቅዳል፤ ይሁንና ፎቶውን ምንም ሳይለውጡ እንዳለ መሸጥን ይከለክላል። ፔክስልስም እንደዚሁ ነው፤ በሌሎች የፎቶ ወይም የዎልፔፐር መድረኮች ላይ እንዳይሸጡም በግልጽ ጽፏል። ማይክሮሶፍት በቢንግ የሚያወጣቸው የየዕለት ምስሎች ለራስ ስክሪን ብቻ ናቸው። ስለዚህ ያሰቡት ፍላሽ ከእነዚህ ምንጮች ሊሠራ አይችልም። ያለ ብዙ ጣጣ ሊሸጡ የሚችሉት በኮመንስ ላይ ስም መጥቀስን ብቻ የሚጠይቁ ወይም ጨርሶ ነፃ የተለቀቁ ምስሎችን ነው። ስም መጥቀስ ሲባል የፎቶ አንሺው ስምና የፈቃዱ ዓይነት አብሮ መሄድ አለበት። ጋለሪ-ዲኤል ከእያንዳንዱ ምስል ጎን የመረጃ ፋይል እንዲጽፍ ማዘዝ ይቻላል፤ ከዚያ ላይ ስሞቹን አንድ የጽሑፍ ፋይል ውስጥ ሰብስበው ከምስሎቹ ጋር ያስቀምጡ። ፎቶ አንሺው ያገሬ ልጅ ሊሆን ይችላል፤ ተራራ ወጥቶ፣ ንጋት ጠብቆ ያነሳው ነው።

በፍላሽ ስለሚዘዋወሩ ምስሎች አንድ ማስጠንቀቂያ ይቀራል። ዊንዶውስ የታወቁ የፋይል ዓይነቶችን መጨረሻ ይደብቃል። ስለዚህ ስሙ በጄፔግ የሚያልቅ የመሰለዎት ፋይል ከጀርባው ኢኤክስኢ ሊኖረው ይችላል፤ ያ ምስል ሳይሆን ፕሮግራም ነው። በፎልደሩ ቪው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ያብሩ። ኤስሲአር የሚል መጨረሻ ያለው ስክሪን ሴቨርም ፕሮግራም ነው፤ ዎልፔፐር ነው ብለው አይክፈቱት። ዌብፒ የሚል ካዩ ግን አይደንግጡ፤ እሱ ምስል ነው። የቆዩ ዊንዶውሶች ግን ላያውቁት ይችላሉ። ወደ ጄፔግ በጅምላ ለመለወጥ ብዙዎች ኢርፋንቪውን ይጠቀማሉ፤ ነገር ግን እሱ ነፃ የሆነው ለግል ጥቅም ነው፤ ለሱቅ ክፍያ አለው። ለሱቅ ኢሜጅማጂክን ይጠቀሙ፤ ለንግድም ነፃ ነው።

ደንበኛው በየቀኑ አዲስ ምስል ከፈለገ ግን የጅምላ ማውረድ ነገር ጨርሶ አያስፈልግም። የማይክሮሶፍቱ ቢንግ ዎልፔፐር በቀን አንድ ምስል ብቻ ያመጣል። ሲጭኑት የብሮውዘሩን መነሻ ገጽና መፈለጊያ ልቀይር ብሎ ይጠይቃል፤ ምልክቶቹን ያንሷቸው። ጆንስ ባክግራውንድ ስዊቸር በዊንዶውስ፣ ቫራይቲ በሊኑክስ ላይ ከብዙ ምንጭ እየቀያየሩ ያሳያሉ። ሁለቱም ነፃ ናቸው። ሁሉም ግን የደንበኛውን ዳታ ይጠቀማሉ፤ ሳይነግሩት አይጫኑበት።

እንግዲህ የማደርገውን ቢጠይቁኝ ይህ ነው። ሺዎቹን ይርሷቸው። 3000 ምስል የጫኑለት ደንበኛ 10 እንኳ አያይም። መጀመሪያ ማሽኑን ያጽዱ። ከዚያ በጋለሪ-ዲኤል ከኮመንስ የኢትዮጵያን ምስሎች 20 በ20 እያወረዱ፣ አንድ በአንድ በዓይንዎ አይተው፣ ጥሩዎቹን ብቻ ያስቀሩ። 150 ሲሞሉ ያቁሙ። ሁሉንም ወደ 1920 በ1080 ሲያሳንሷቸው ከ150 ሜጋባይት እምብዛም አይበልጡም። በደንበኛው ፒክቸርስ ፎልደር ውስጥ ከስም ዝርዝሩ ጋር ይገልብጡና በዊንዶውስ ስላይድሾው ላይ በየቀኑ እንዲቀያየር ያድርጉት። ፐርሰናላይዜሽን አልከፈት ካለ ዊንዶውሱ አክቲቬት ስላልተደረገ ነው። ያኔ ምስሉን ራይት ክሊክ አድርገው ሴት አዝ ዴስክቶፕ ባክግራውንድ ይበሉት። የሚሸጠውን ፍላሽ ደግሞ ለብቻው በሌላ ፎልደር ያዘጋጁ። ፈቃዱን ራስዎ ያላነበቡት አንድም ምስል እዚያ ውስጥ አይግባ።